ስም የሚሸፍነው ካርቶን

እትዬ ዝም በመዝገብ ቤቱ ሰባተኛ መደርደሪያ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው የተገኙት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው። ጭንቅላታቸው የብረቱን መደርደሪያ ማዕዘን ተደግፎ ዘንበል ብሏል፤ ከሥሩ የወጣው ደም የሲሚንቶውን ስንጥቅ ይዞ ሄዶ ቀጭን መስመር ሠርቷል። ባለጎማው መሰላል ከአጠገባቸው ቆሟል። ያገኘቻቸው ፋይል ስካን የምታደርገው ልጅ ናት፤ ጩኸቷ እስከ አዳራሹ ተሰማ። በአራቱ መስኮቶች ፊት የተሰለፈው ባለጉዳይ ግን አንገቱን አስግጎ ከማየት በቀር ንቅንቅ አላለም። ወረፋውን ማን ይለቃል?

«ዝም» እውነተኛ ስማቸው አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመደርደሪያ ሲደረድሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ጎረቤት ስለ ጎረቤቱ፣ አማት ስለ ምራቷ ሊጠይቅ ሲመጣ «የራስህን ከሆነ እሰጥሃለሁ» ይሉታል። ከዚያ ወዲያ ቢለመኑም ቢሰደቡም ቃል አይወጣቸውም። ስሙን ያወጣላቸው የቢሮው ሰው ነው።

የመጣው ኢንስፔክተርም ቅጽል ስም ነበረው፤ በጣቢያው «ቆይ» ይሉታል። አጭር፣ ጸጉሩ የሸሸ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው።

«ወድቀው ነው» አለ የቢሮው ኃላፊ ገና በሩ ላይ ሆኖ። «መሰላሉ አርጅቷል ብዬ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። እሳቸው ግን የሰው ምክር...»

«ቆይ» አለ ኢንስፔክተሩ። አጎንብሶ ከሟቿ ጋዋን የደረት ኪስ የመነጽር ማስቀመጫ አወጣና ከፈተ። መነጽሩ በውስጡ ነበር፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። «ያለ መነጽር ማንበብ ይችሉ ነበር?»

«እሳቸው? ያለ መነጽር የራሳቸውን ፊርማ አያውቁትም።»

«እንግዲያው መነጽራቸውን ኪሳቸው ከትተው መሰላል ላይ ምን ሊያነቡ ወጡ?»

ኃላፊው ቀና ብሎ መሰላሉን አየ።

«ከላይ አልወደቁም። እዚሁ ቆመው ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ነው የተገፉት። መሰላሉ የመጣው በኋላ ነው።»

ከሬሳው ጎን የተንበረከከው የፖሊስ ሐኪም «ሌላም አለ» አለ። «እንደወደቁ አልሞቱም። የተመቱት ሁለት ሰዓት ከአሥር ግድም ነው፤ ከዚያ ወደ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንፍሰዋል። ያኔ ሰው ቢጠራ ኖሮ...»

አልጨረሰውም። ሟቿ ከተኙበት አራት እርምጃ ርቆ በግድግዳው ላይ ስልክ ተሰቅሏል።

ኢንስፔክተሩ ሌላውን ኪስ ፈተሸ። መዳፍ የሚያህል ቡናማ ካርቶን ወጣ። በምላጭ በጥንቃቄ ተቆርጦ መሃሉ ላይ ጠባብ፣ ረዘም ያለ ቀዳዳ ተከፍቶበታል። የቀዳዳው ጠርዝ ገና ነጭ ነው፤ ከተቆረጠ ብዙ አልቆየም።

«መሸፈኛ ነው» አለች የስካነር ሠራተኛዋ ከበሩ ኋላ አፍንጫዋን እየጠረገች። ከማሽኑ መብራት ጋር ስለምትውል በቢሮው «ብልጭታ» ትባላለች። «ፎቶ ኮፒ ሲያደርጉ ወረቀቱ ላይ ያስቀምጡታል። ባለጉዳዩ የሚያስፈልገው መስመር ብቻ ይወጣለታል፤ የሌላው ሰው ስም ከሥር ተሸፍኖ ይቀራል። ለየቅጹ ለየብቻው አላቸው፣ መሳቢያ ሙሉ። እኛማ እንስቅባቸው ነበር። ኮምፒውተሩ በአንድ ንክኪ የሚያጠፋውን እሳቸው በምላጭ!»

«አንቺስ በኮምፒውተሩ ታጠፊዋለሽ?»

«እ... አይ። እሱ እንኳ አልታዘዘም። ሁሉም ይታይ ነው የተባለው።»

ኢንስፔክተሩ በሟቿ አንገት ላይ ያለውን ትንሽ ቁልፍ አየ። በጥቁር ክር ተንጠልጥሎ ከጋዋኑ በላይ ወጥቷል።

«ይህን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያንጠለጥሉት?»

ብልጭታ ቀረብ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ኧረ በጭራሽ! የዝጉ ካቢኔት ቁልፍ ነው። ከቀሚሳቸው ሥር ነው የሚይዙት። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ዛሬ ገና አየሁት።»

መስኮቶቹ የሚከፈቱት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ጥበቃው እንደተናገረው ሟቿ በተመቱበት ሰዓት በሕንፃው ውስጥ የነበሩት አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሟቿ፣ ኃላፊው፣ ብልጭታ፣ የአራተኛው መስኮት ሠራተኛና አንዲት ባለጉዳይ። የቀሩት ሠራተኞች የሚመጡበት መኪና የደረሰው መስኮቶቹ ሊከፈቱ አምስት ደቂቃ ሲቀር ነው። ባለጉዳይዋን ያስገባት ራሱ ጥበቃው ነው። «ሽንት ቤት አለች፤ ሰው ናት፣ ምን ልበላት» አለ።

በኃላፊው ክፍል ግድግዳ ላይ ገና ያልተሰቀለ ሰፊ ጨርቅ ተደግፏል፤ «መረጃ በደቂቃ» ይላል።

«ሰኞ ይመረቃል» አለ ኃላፊው። «ማንም ሰው መስኮት ላይ መጥቶ ስም ይናገራል፣ ያ ስም ያለበት ወረቀት ሁሉ ይወጣለታል። ሕዝቡ ስንት ዓመት ተንገላቷል መሰለዎት? መብቱ ነው።»

«እትዬ ዝም ምን አሉ?»

«እሳቸውማ!» እጁን አወራጨ። «ዝጉ ካቢኔት ውስጥ የድሮ የጉዲፈቻ ፋይሎች አሉ፤ ሁለት መቶ ይሆናሉ። ቁልፉን እስከ ነገ ያስረክቡ አልኳቸው። ትናንት ሁሉም ሰው እየሰማ “ከሞትኩ በኋላ ውሰደው” አሉኝ።» የተናገረው ራሱን አስደነገጠው። «እኔ... ይኼ ማለት እኮ...»

«ቆይ፣ አልከሰስኩዎትም። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ካሜራ የለም?»

«አስገጥሜ ነበር፤ አስነቀሉ። ካሜራው የሚያየው ሠራተኛውን ሳይሆን ፋይሉን ነው ብለው ደብዳቤ ጻፉብኝ። ይኸው! ቢኖር ኖሮ ማን እንደገደላቸው በአንድ ደቂቃ እናውቅ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ብልጭታን አስጠራ።

ብልጭታ ገና ሳትጠየቅ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሩ ጠበቃት።

«ስልኬን ያዩታል አይደል?» አለች።

«ማየት አለብኝ?»

«የጋብቻ ፋይሎች ፎቶ አለው። ጓደኞቼ ስም ይልኩልኛል፤ “እጮኛዬን እይልኝ፣ ከዚህ በፊት አግብቶ ፈቷል ወይ?” ይሉኛል። “ሙሽራ ማጣሪያ” ነው የሚሉኝ። ገንዘብ አልቀበልም፣ አባቴ ይሙት! አንዷን ከጉድ አውጥቻታለሁ፤ ሰውዬው ሦስተኛ ሚስቱ ሊያደርጋት ነበር።»

«ሌላዋንስ?»

አንገቷን ደፋች። «ሌላዋ የአንዲት ልጅ ፍቺ ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሰችው። ልጅቷ ሰፈር ቀየረች። እትዬ ዝም ባለፈው ሳምንት ያዙኝ። “አጥፊው፤ እኔ አልተናገርኩም፣ አንቺም አትድገሚ” አሉኝ። እኔ ግን አላጠፋሁትም።»

«ከዚያ ወዲህ ምን ተነጋገራችሁ?»

«ምንም። ማክሰኞ ብቻ... መስኮት አራት ልጇ ይመረቅ ስለነበር አልገባችም፤ እኔ ተተክቼ ተቀመጥኩ። አንዲት ጠያቂ ቅጽ ሰጠችኝ፣ አስገባሁላቸው። እትዬ አንብበው “ይህች ሴት መጀመሪያ የመጣችው መቼ ነው?” አሉኝ። “ሰባት ወር ተመላልሻለሁ ትላለች” ስላቸው ወንበሩን ስበው ቁጭ አሉ። ለረጅም ጊዜ አልተነሱም።»

ሁሉም ሰው «መስኮት አራት» የሚላት ሴት ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ ንጹሕ ለባሽ፣ ረጋ ያለች ናት። ሃያ ስምንት ዓመት በአንድ ወንበር ተቀምጣለች። ዛሬም ኢንስፔክተሩ እስኪጠራት ድረስ ባለጉዳይ ስታስተናግድ ነበር።

«እጄን ይዘው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «ፋይል ማውጣት፣ በቦታው ቀይ ካርድ መተካት፣ መመለስ። እናቴ ስትሞት፣ ኋላም እኅቴ ስትሞት፣ ከሐዘን ቤቴ ያልተለዩት እሳቸው ነበሩ። ምን ልበልዎት፣ እናቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩ ያህል ነው።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ጠላት አይባልም። ግን ድርቅ ይላሉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንዲት ጠያቂ አለች፣ የወለደቻትን እናት ፋይል የምትፈልግ። ሰባት ወር ሙሉ ቅጿን አስገባሁላት፤ አንዱንም አልፈቀዱም። ባለፈው መስኮቴ ላይ ቆማ ስትራገም ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ቅጾቹን በሙሉ አስገብተዋል?»

«ባላስገባ ምን ይጠቅመኛል?»

«ዛሬ ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ የት ነበሩ?»

«ወንበሬ ላይ። ማኅተሜን ስጠርግ።»

ጥበቃው ያስገባት ባለጉዳይ ያችው ጠያቂ ነበረች። ቀጭን ናት፤ ከትከሻዋ የማይወርድ ትልቅ ቦርሳ ይዛለች። ስትናገር ዓይኗን አትሰብርም።

«ረግሜያቸዋለሁ» አለች። «አልክድም። ሰባት ጊዜ አመለከትኩ። “እናቴ፣ ዛሬስ መልስ አለ?” እላቸዋለሁ መስኮት አራትን፤ ደግ ሴት ናቸው፣ በሐዘን ያዩኛል። “መዝገብ ቤቷ እምቢ አለች፣ በሚመጣው ወር ሞክሪ” ይሉኛል።»

«ስሟን ነው የምትፈልጊው፣ እኅቴ?»

«ስም ምን ያደርግልኛል? ያሳደጉኝ እናትና አባት አሉኝ። አንድ ነገር ነው የምፈልገው። ጡቴ ላይ እባጭ ወጥቷል። ሐኪሙ “በእናትሽ ቤተሰብ በዚህ በሽታ የሞተ አለ?” አለኝ። ካለ ሳልውል ሳላድር ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለብኝ፤ ከሌለ በየጊዜው እያዩ መጠበቅ ይሻላል አለ። አላውቅም አልኩት። እስክታውቂ እየተከታተልን እንጠብቅ አለኝ። ስጠብቅ ሰባት ወር ሆነኝ። ቅጹም ላይ ምክንያቱን ጽፌዋለሁ፤ በየወሩ፣ በቀይ እስክሪብቶ።»

«ዛሬ ጠዋት መዝገብ ቤት ገብተሻል?»

«በሩ ድረስ ሄጃለሁ። ልለምናቸው። ተዘግቶ ነበር። ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ የሴት ድምፅ። ቃሉ አይለይም። ፈርቼ ተመለስኩ።»

ኢንስፔክተሩ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ብቻውን አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። መጀመሪያ የቅጽ መቀበያውን መዝገብ አገላበጠ። እትዬ ዝም የደረሳቸውን ሁሉ ከነሰዓቱ ጽፈዋል። የጠያቂዋ ስም በሰባት ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው፤ ማክሰኞ።

ቀጥሎ ባዶ ቅጾችን አንድ በአንድ አወጣና ካርቶኑን ጫነባቸው። በልደቱ ቅጽ ላይ ቀዳዳው በሁለት መስመር መካከል ዋለ። በጋብቻው ላይ ማኅተሙን ቆረጠው። የድሮው የጉዲፈቻ ቅጽ ላይ ሲያስቀምጠው ግን ልክ ሆነ፤ የእናት ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ ከሥር ጠፋ። በቀዳዳው የታየው ዘጠነኛው መስመር ብቻ ነው፤ «በእናት ቤተሰብ የሚታወቅ በሽታ»።

በመጨረሻ ከሟቿ አንገት በወሰደው ቁልፍ ዝጉን ካቢኔት ከፈተ። ፋይሎቹ በቁጥር ተደርድረዋል። ከመቶ አርባ ስድስትና ከመቶ አርባ ስምንት መካከል ቀይ ካርድ ቆሟል።

ኃላፊውን ጠርቶ አሳየው። «ይህ ምንድነው?»

«ቀዩ? እንጃ፤ ምልክት ይሆናል። እኔ ፋይል አውጥቼ አላውቅም፤ ያመጡልኛል።»

ብልጭታን ጠራ። «ቀይ ካርድ ሲሉ እሰማለሁ» አለች። «እኔ ሣጥኑን እንዳለ ነው ወስጄ የምመልሰው፤ ካርድ አልጠቀምም።»

ካርዱን አገላበጠው። የወሳጁ ስም፣ ቀንና ምክንያት የሚጻፍባቸው ሦስት መስመሮች ነበሩት። ሦስቱም ባዶ ናቸው። ከካቢኔቱ በር ጀርባ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ከቁጥሩ ጎን ያለው የሕፃኑ የልደት ቀን ብቻ ነው፤ የማንም ስም የለም። ቀኑን ጠያቂዋ ከሞላችው ቅጽ ጋር አስተያየው። አንድ ነበር።

ወደ መስኮት አራት ሄዶ በዝቅተኛ ድምፅ «ብቻዎን ላነጋግርዎት እፈልጋለሁ» አላት።

ዙሪያዋን አየች። የሥራ ባልደረቦቿ እያዩአት ነበር።

«ለምን ብቻዬን? ሰው ምን ይላል? የምደብቀው የለኝም፤ ሁሉም ባሉበት ይጠይቁኝ።»

«ቢያስቡበት ይሻላል።»

«አስቤበታለሁ።»

በኃላፊው ክፍል አራቱም ተቀመጡ። ጥበቃው በሩ ላይ ቆመ። ኢንስፔክተሩ ቀዩን ካርድ፣ ካርቶኑን፣ ባዶ የጉዲፈቻ ቅጽና የመቀበያ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«እትዬ ዝምን የገፋቸው ሰው እሳቸው ከወደቁ በኋላ ቁልፋቸውን ከአንገታቸው ወስዶ ካቢኔቱን ከፈተ፣ አንድ ፋይል አወጣ፣ ዘጋ፣ ቁልፉን መለሰላቸው። ክሩን ግን ከቀሚሱ ሥር መመለስ ረሳ። የወጣው ፋይል የእርሷ ነው።» ወደ ጠያቂዋ አመለከተ።

«እኔ አልነካሁም!» አለች ጠያቂዋ።

«ቆይ። ፋይል ሲወጣ በቦታው ቀይ ካርድ ይገባል። ሌባ ካርድ አይተካም። አንቺ ብትወስጂው ክፍተት ነበር የምናገኘው፤ ካርዱ መኖሩንም አታውቂም። ኃላፊውም አያውቁም። ብልጭታ አትጠቀምበትም። እትዬ ዝም ቢሆኑ ስምና ቀን ይጽፉበት ነበር። ይህን ካርድ ያስገባው እጅ ከብዙ ዓመት በፊት በደንብ የተማረ እጅ ነው። ፋይል አውጥቶ ባዶ ቦታ መተው አይችልም። የእጁ ባለቤት ሳያዘው አስገባው። ስም መጻፍ ሲደርስ ግን ባለቤቱ ነቃ።»

ሁሉም ወደ አንድ ወንበር ዞሩ። መስኮት አራት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ነበር።

«ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁበት ካርድ ወንጀል ሆነብኝ?» አለች። «መሳቢያ ሙሉ ካርድ አለ። ማንም ያነሳዋል።»

«እሺ። ስለ ቅጾቹ እንነጋገር። ሰባቱንም አስገብቻለሁ ብለዋል። እዚህ መዝገብ ላይ ያለው አንድ ነው፤ እሱም እርስዎ ያልነበሩ ቀን የገባ።»

ጠያቂዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ምን ማለት ነው? እምቢ ያሉኝ እሳቸው አይደሉም?»

«አልተጠየቁም፣ እኅቴ። የረገምሻቸው ሴት ስለ አንቺ የሰሙት ከሦስት ቀን በፊት ነው።»

ሴትዮዋ ተመልሳ ተቀመጠች። ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዴ፣ መስኮት አራት፣ የሰው ቅጽ ለምን ትይዣለሽ? ሪፖርትሽ ላይ እኮ መቶ በመቶ ነው የሚለው!»



«አሁን ሦስቱን ቀኖች አስቡ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እትዬ ዝም ማክሰኞ ፋይሉን ከፈቱ። ይህን ካርቶን ቆረጡ። ሠላሳ አራት ዓመት ዘግተው የያዙትን ሳይከፍቱ ለሴትየዋ የሚያስፈልጋትን አንድ መስመር ሊሰጧት ነበር። ታዲያ ረቡዕ ጠርተው ለምን አልሰጧትም? መስመሩ ላይ ያለው መልስ ትክክል ስላልሆነ ነው። ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት የተሞላ ቅጽ ነው፤ ያን ጊዜ በቤተሰቡ የታመመ አልነበረም። በኋላ የሞቱ አሉ። እትዬ ዝም ይህን ከየት አወቁ? ከወረቀት አይደለም። ከሐዘን ቤት ነው። ስለዚህ እናትየዋን ራሷን መጠየቅ ነበረባቸው። ደብዳቤ አልጻፉም፣ ስልክ አልደወሉም፣ ከቢሮ አልወጡም። ዛሬ ጠዋት ቀድመው ገብተው ጠበቋት።»

ስም አልጠራም። ባዶውን ቅጽ መሃል ላይ አደረገና ካርቶኑን ጫነበት። በቀዳዳው አንድ መስመር ቀረ።

«ሊያሳዩ ያሰቡት ይህን ነበር» አለ።

መስኮት አራት አንገቷን አስግጋ አየች። እጇን ዘርግታ የካርቶኑን ጠርዝ በጣቷ ነካችው፤ የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ።

«ሸፍነውት ነበር?» አለች።

ጣቷን በካርቶኑ ጠርዝ ላይ አንሸራተተች።

«ስሜን... ሸፍነውት ነበር እንዴ?»

«ሸፍነውት ነበር።»

«እኔ ምን አውቄ!» ድምጿ ተሰበረ። «“ልጅሽ መጥታለች” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። ባሌ አያውቅም፣ ልጆቼ አያውቁም። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰኞ ሁሉም ሊከፈት ነው ብዬ እንቅልፍ ካጣሁ ወር ሆኖኛል፤ እሳቸውን ብቻ ነበር የምተማመነው። ደግሞ እሳቸው... እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ወረቀቱን ሊያወጡት መሰለኝ። ገፋኋቸው።»

«ይተነፍሱ ነበር?»

«ይተነፍሱ ነበር» አለች በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። «ስልኩን አየሁት። ሰው ከመጣ ይናገራሉ ብዬ... ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሄጄ መስኮቴን ከፈትኩ።»

ብልጭታ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ሠላሳ አራት ዓመት ያልተናገሩ ሴት?» አለች ከጣቶቿ መካከል።

«ፋይሉስ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«መደርደሪያ ላይ ነው። መቅደድ አልሆነልኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ከሞቱት ሰዎች ፋይል መሃል ሰደድኩት። መቶ ሺህ ፋይል ነው። እኔም አላገኘውም።»

ኃላፊው «ስካን ሲደረግ ይገኛል» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ የኢንስፔክተሩን ዓይን አይቶ ዘጋው።

ጥበቃው ክንዷን ሊይዝ ሲጠጋ ጠያቂዋ «አንድ ጊዜ» አለች። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀትና ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። የወለደቻትን ሴት ፊት አላየችም፤ ወረቀቱን ነው ያየችው።

«እናትዎ በምን ሞቱ?»

መስኮት አራት አንዴ ኢንስፔክተሩን፣ አንዴ በሩን አየች። «ጡቷን ታማ። አርባ አንድ ዓመቷ ነበር።»

ጻፈች። «ሌላስ?»

«እኅቴ። እሷም ያው። ሲያውቁት አልፎ ነበር።»

«ዕድሜ?»

መስኮት አራት ቀዩን እስክሪብቶ አየች።

«ሠላሳ ሦስት።»

እስክሪብቶው ቆመ። ቁጥሩን ጽፋ ጨርሳ ነበር፤ ግን ከወረቀቱ አላነሳችውም፤ ቀዩ ቀለም በነጥቡ ላይ እየሰፋ ሄደ።

«እኔ በሚመጣው ወር ሠላሳ ሦስት ይሞላኛል» አለች።

«አውቃለሁ» አለች መስኮት አራት።

ጠያቂዋ ወረቀቱን ለአራት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐኪሟ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እንዲያገኛት አሁኑኑ መሄድ እንዳለባት ለኢንስፔክተሩ ነገረችው፤ ፈቀደላት። በመስኮቶቹ ፊት ያለውን ሰልፍ አቋርጣ፣ ማንንም ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ ወጣች።